ለውሕም ይታጠባል፣ ፊልምም ይታጠባል



መድረሳ የቀራን ሁሉ «ማጠብ» የሚለውን ቃል እናውቀዋለን። ትምህርቱ በቃል ሲያዝ ለውሑ ይታጠባል፤ ጽሑፉ ይጠፋና ሌላ ይጻፍበታል። ፎቶ ቤት «ፊልም ይታጠባል» ሲባል ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ባዶ ከሚመስል ጥቅል ምስል ይወጣል። ይህን ጠንቅቄ ማወቅ የፈለግኩት ፎቶ አንሺ የነበረው አጎቴ (አላህ ይዘንለት) ያልታጠበ ጥቁርና ነጭ ፊልም ካሜራው ውስጥ ትቶ ስለሄደ ነው። አያቴ «ልጄ በመጨረሻ ያየውን አሳየኝ» አለችኝ።

ፊልሙ ላይ በጄላቲን የተያዙ ጥቃቅን የብር ብሮማይድ ክሪስታሎች አሉ፤ ብር ስል ማዕድኑን ነው። ብርሃን ያረፈበት ክሪስታል ላይ የሚፈጠሩት ጥቂት የብር አተሞች ብቻ ናቸው፤ በዓይን አይታዩም። ዴቨሎፐር በእነዚያ አተሞች በኩል ኤሌክትሮን እየሰጠ መላውን ክሪስታል ወደ ጥቁር ብር ይለውጠዋል።

እኔን የገረመኝ ዴቨሎፐር ብርሃን ያላየውንም ማጥቆሩ ነው። ልዩነቱ የፍጥነት ብቻ ነው፤ ብርሃን ያገኘው ይቀድማል፣ ያላገኘው ይዘገያል። በጊዜ ካልተቋረጠ ሁሉም ይጠቁራል። ሪአክሽን ኪኔቲክስ የወሰዳችሁ ትረዱኛላችሁ። በቆየ ፊልም ላይ ደግሞ ይህ ልዩነት ይጠብባል። የብርሃኑ ምልክት ይደክማል፤ ያልነካው ክሪስታልም በዕድሜና በሙቀት ለመጥቆር ይቸኩላል። ዕድሉ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አጎቴ መደርደሪያ ላይ የተገኘው ዴቨሎፐር ኦክስጅን አበላሽቶት ቡናማ ሆኗል። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው ዲ-76 በአንድ ሊትር 2 ግራም ሜቶልና 5 ግራም ሃይድሮኪኖን ሲኖረው ሶዲየም ሰልፋይቱ ግን 100 ግራም ነው፤ አንዱ ሥራው ሁለቱን ከኦክስጅን መጠበቅ ነው።

ሜቶል ፈልጌ አጣሁ፤ ቡና ግን አይጠፋም! እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ በሚገኘው የሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር በቡና ፊልም አጥበዋል። የሚሠራው ካፌይኑ ሳይሆን ካፌይክ አሲዱ ነው። ለአንድ ሊትር 40 ግራም በውሃ የሚሟሟ ቡና፣ 54 ግራም ውሃ አልባ ሶዲየም ካርቦኔትና 16 ግራም ቫይታሚን ሲ በጠበጥኩ። ያልነካው ክሪስታል እንዳይቸኩል 10 ግራም አዮዲን ያለው ጨው ጨመርኩ። በጨለማ ሁለት ፎቶ የሚያህል ቆርጬ ሞከርኩ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 15 ደቂቃ በጣም አጠቆረው፤ 12 ደቂቃ ተሻለ። ከዚያ የቀረውን አጠብኩ፣ በውሃ አለቀለቅኩ፣ ሃይፖ ውስጥ ነከርኩ። ሃይፖ ያልጠቆረውን ብሮማይድ አሟሙቶ ያወጣል፤ ለውሕ ማጠብን የሚመስለው ይሄኛው ደረጃ ነው።

ከ34ቱ የተለዩት 11 ብቻ ናቸው። የዒድ ልብስ የለበሱ ልጆች አሉ፣ የማላውቃቸው ደንበኞች አሉ። ወደ መጨረሻው ባለ አንድ ፎቶ ላይ አያቴ ራሷ በሩ ላይ ተቀምጣለች። በስልክ ገልብጬ ሳሳያት ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ዱዓ አደረገችለት።

በየቤታችሁ ያልታጠበ ፊልም ካለ ከሙቀትና ከእርጥበት አርቁት፤ ለማሳጠብም አትዘግዩ። ሃይፖው ተርፎኛልና የሚፈልግ ይምጣ።

ወሰላሙ ዓለይኩም።