ለጌጥ የመጣ

ቀራንዮ ውስጥ የጌጥ ዓሣ የሚያሳድግ ሰው ቢሰለቸውና ዓሣውን በጆግ ይዞ ወንዝ ቢወርድ፣ የሚታዘንለት ወንዙ ሳይሆን ዓሣው ነው። ትንሹ አቃቂ ከወጨጫ ተራራ ሥር ተነስቶ በኮልፌ በኩል የሚያልፈው የሽንት ቤቱንም፣ የቆዳ ፋብሪካውንም፣ የልብስ እጣቢውንም ተቀብሎ ነው። እዚያ የገባ ዓሣ ወራሪ ለመሆን ዕድሜ አይተርፈውም።

ስለዚህ የሌላው ዓለም ጣጣ እኛን የማይነካን ይመስለናል። ፍሎሪዳ ውስጥ ሰዎች ቤታቸው ያሳደጉት የበርማ ዘንዶ ረግረጉ ውስጥ ተራብቶ የአካባቢውን ጥንቸል ጨረሰው ሲባል እንስቃለን። ኮሎምቢያ ደግሞ ባሰባት። የኮኬይን ነጋዴው ፓብሎ ኤስኮባር ለግቢው ድምቀት አራት ጉማሬ አስመጥቶ ነበር። በ1993 ሲገደል (ዘመኑን በፈረንጆች ነው የምቆጥረው፤ ወራሪዎቹ የተመዘገቡት በእነሱ ነው) ሌሎቹን እንስሳት ተከፋፈሏቸው፤ ጉማሬን የሚሸከም ግን ጠፋ። ጉማሬዎቹም ወደ ማግዳሌና ወንዝ ወርደው ተዋለዱ፤ ዛሬ ከመቶ በላይ ናቸው። የጣና ጉማሬ ዘመድ አዝማድ ደቡብ አሜሪካ ደርሶ ወራሪ ተባለ ማለት ነው።

ታዲያ ወራሪ ቀድማ የላከችልን ደቡብ አሜሪካ ናት። የውኃ አረሙ የእምቦጭ አገሩ አማዞን ነው። ማንም ባሕር አቋርጦ ሲወርር አላየውም፤ በየደረሰበት ያደረሰው አበባውን የወደደ ሰው ነው። ግብፆች በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ለአትክልት ቦታ ማስዋቢያ ብለው ወሰዱት። በ1884 ኒው ኦርሊንስ ላይ በተከፈተው የጥጥ ኤግዚቢሽን ለጎብኚዎች በስጦታ ታደለ ይባላል። ሐምራዊ አበባ፣ ወፍራም አረንጓዴ ቅጠል፣ ውኃ ላይ ተንሳፋፊ፤ ማን እምቢ ይላል? ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። የቤቱ ኩሬ ሲጠበው ባለቤቱ ትርፉን አፍሶ ወንዝ ውስጥ ይጥላል። መጣል አሳዝኖት ለጎረቤት የሚሰጥም አለ፤ የባሰው እሱ ነው።

እንግዳ ሁሉ ክፉ አይደለም። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ ባይመጣ ኖሮ፣ ማገዶ ያለቀባት አዲስ አበባ ጓዟን ጠቅልላ ወደ አዲስ ዓለም ልትሄድ ነበር። እምቦጭ ግን ማገዶ እንኳን ለመሆን አይመችም፤ አብዛኛው አካሉ ውኃ ነው።

እኛ ዘንድ በይፋ የታወቀው በ1965 ቆቃ ሐይቅና አዋሽ ወንዝ ላይ ነው። ያኔ ማንም ጥሩንባ አልነፋም። በ2011 ጣና ላይ ሲታይ ነው አገር የተንጫጫው፤ ገንዘብ ተዋጣ፣ ማሽን ተገዛ፣ የደንቢያና የፎገራ ገበሬ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። ስለ ጣና አዲስ አበባም አለቀሰች። የሚገርመኝ፣ እንባዋን ስትጠርግ ቁልቁል አለማየቷ ነው። የእኛ ትንሹ አቃቂ ከትልቁ ጋር የሚገናኘው አባ ሳሙኤል ላይ ነው፤ ያ ጣሊያን በነበረበት ዘመን የተሠራው የኃይል ማመንጫ ግድብ። ሐይቁ በእምቦጭ ተሸፍኗል። ዓሣውን የሚገድለው ፍሳሽ ለእምቦጭ ቀለብ ነው፤ ናይትሮጅኑም ፎስፈረሱም ከእኛ ጓዳ ይወርድለታል። አበባውን ሌላ ሰው አመጣው እንበል፤ የሚቀልበው ግን የእኛ ሰፈር ነው።

መድኃኒቱም እንግዳ መጥራት ሆኗል። ኡጋንዳ በ1990ዎቹ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ከዚያው ከደቡብ አሜሪካ የተገኙ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ለቃበት ነበር፤ አረሙ በብዙ ቀነሰ። እነዚህ ጥንዚዛዎች ሌላ ነገር አይበሉም፤ ለዚህ ነው ሳይንቲስቶች የሚያምኗቸው።

ከዚያ በፊት የቀረበው ሐሳብ ግን ይበልጣል። በ1910 ሮበርት ብሩሳርድ የሚባሉ የሉዊዚያና እንደራሴ ለአሜሪካ ምክር ቤት ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ 250,000 ዶላር ይመደብ፣ ከአፍሪካ ጉማሬ ይምጣ፣ ጉማሬው እምቦጩን ይብላ፣ ሕዝቡ ደግሞ ጉማሬውን። ያን ጊዜ ሥጋ ተወዶ ነበርና ሐሳቡ ብዙ ደጋፊ አግኝቶ ነበር፤ ግን ሳይጸድቅ ቀረ።

ይህን ለጎረቤቴ ለእማማ ቡና ላይ አጫወትኳቸው። ጥንዚዛዋን ብዙም አላመኗትም። የጉማሬውን ግን ጸጥ ብለው አዳመጡና ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«እና ልጄ፣» አሉኝ፣ «ጾም ሲገባስ?»