የልብ ደም ቧንቧ የካልሲየም ምርመራ፦ ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

የልብን ጡንቻ በደም የሚመግቡት ቧንቧዎች፣ በሕክምናው አጠራር ኮሮናሪ አርተሪዎች፣ መታመም የሚጀምሩት ለባለቤታቸው አንዳች ነገር ከመሰማቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የታተመ አንድ ጥናት በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮችን ልብ መርምሮ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ግድም ቢሆንም፣ ከመቶ 77ቱ በዓይን የሚታይ የቧንቧ ሕመም ምልክት እንደነበራቸው አሳይቷል። አተሮስክለሮሲስ የሚባለው ይህ ሕመም ስብና ኮሌስትሮል በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ሲጠራቀሙና ግድግዳው ሲቆጣ የሚፈጠር ሲሆን፣ ክምችቱ ፕላክ ይባላል። በብዙ ሰዎች ዘንድ የመጀመሪያው ምልክት ድንገተኛው የልብ ሕመም ራሱ፣ አንዳንዴም ሞት በመሆኑ፣ በሽታውን ገና በዝምታው ዘመን የሚያሳይ መሣሪያ ሲፈለግ ቆይቷል።

በተለምዶ የሚታዘዙት የልብ ምርመራዎች ለዚህ ተግባር አልተሠሩም። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢሲጂ፣ ሰውየው ዕረፍት ላይ ሳለ ሲነሣ፣ ቧንቧዎቹ ታመው እያለ እንኳ ጤናማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ በድምፅ ሞገድ የሚሠራው ኢኮ ደግሞ በዋነኛነት የሚያሳየው የልብ ጡንቻ እንዴት እንደሚሠራና ቫልቮቹ እንዴት እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ እንጂ በኮሮናሪ ቧንቧዎች ግድግዳ ውስጥ የተጠራቀመውን አይደለም። በመሮጫ ማሽን ላይ የሚደረገው ምርመራም ችግሩን የሚያጋልጠው በአብዛኛው ቧንቧው በእጅጉ ጠብቦ ለጡንቻው የሚደርሰው ደም ሲያንስ ነው። ስለዚህ ኢኮ ተነሥቶ ልቡ ደኅና እንደሆነ የተነገረው ሰው የሰማው እውነት ቢሆንም፣ ስለ ደም ቧንቧዎቹ የተነገረው ነገር ግን እምብዛም ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ያስቻለው ፕላክ እያደር ካልሲየም የሚያጠራቅም መሆኑ ነው፤ ካልሲየም ኤክስሬይን እንደ አጥንት ስለሚያግድ በሲቲ ስካን ነጥቶ ይታያል። አሜሪካዊው የልብ ሐኪም አርተር አጋትስተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በቧንቧዎቹ ላይ የታየውን እያንዳንዱን የካልሲየም ቦታ ስፋት እንደ ጥግግቱ ከ1 እስከ 4 በሚሰጠው ነጥብ እያባዙ የሚደምሩበትን ስሌት አቀረቡ፤ ድምሩም እስከ ዛሬ የአጋትስተን ነጥብ ይባላል። ዜሮ የሚታይ ካልሲየም እንደሌለ ሲያመለክት፣ ከ1 እስከ 99 አነስተኛ፣ ከ100 እስከ 399 መካከለኛ፣ 400ና ከዚያ በላይ ደግሞ ከፍተኛ ተብሎ ይመደባል። ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ንጥረ ነገር የማይፈልግና የጨረር መጠኑም ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊሲቨርት ገደማ፣ ማለትም ሰው ከተፈጥሮ አካባቢው በዓመት ከሚያገኘው ያነሰ ነው።

የቁጥሩን የመተንበይ ኃይል በሰፊው ከፈተኑት ጥናቶች አንዱ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ነጮችን፣ አፍሪካ አሜሪካውያንን፣ የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸውንና ቻይናውያን አሜሪካውያንን ያካተተው ሜሳ የተባለው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ውጤቱ 6,722 ሰዎች ለአራት ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎላቸው፣ ነጥባቸው ከ300 በላይ የሆነ ሰዎች ዜሮ ካላቸው ጋር ሲነጻጸሩ በልብ ቧንቧ ሕመም የመጠቃት ዕድላቸው ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በአንጻሩ ዜሮ ያገኙት ሰዎች በቀጣዮቹ ዓመታት የሚገጥማቸው አደጋ በጣም ዝቅተኛ በመሆኑ፣ ምርመራው ሕመምን ከመጠቆም ባልተናነሰ ለማረጋጋትም የሚያገለግል ሆኗል።

ሆኖም ቁጥሩ ከተጠየቀው በላይ እንዲናገር ማስገደድ ያሳስታል። የአጋትስተን ነጥብ በቧንቧዎቹ ውስጥ ያለውን አጠቃላይ የበሽታ ሸክም ይገምታል እንጂ የትኛው ቧንቧ ምን ያህል እንደጠበበ አይለካም። ገና ካልሲየም ያልያዘውን ለስላሳ ፕላክም አያይም፤ ተሰንጥቆ ደም በላዩ እንዲረጋ በማድረግ ቧንቧውን በድንገት የሚዘጋው ደግሞ ይህ ዓይነቱ ሊሆን ስለሚችል፣ የወጣት፣ የአጫሽ ወይም የስኳር ሕመምተኛ ዜሮ የሙሉ ጤንነት ምስክር ወረቀት አይደለም። ኮሌስትሮልን የሚቀንሱት ስታቲን የተባሉት መድኃኒቶችም ፕላኩን ሲያጠነክሩ ካልሲየሙን ሊጨምሩ ስለሚችሉ፣ መድኃኒት እየወሰደ ነጥቡ ከፍ ያለ ሰው ሕክምናው ከሽፏል ብሎ መደምደም አይገባውም።

ቀድሞ ማየት ዕድሜን ያራዝማል ወይ የሚለው ጥያቄ ከመተንበይ ጥያቄ የተለየና የከበደ ነው። በዴንማርክ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 74 የሆኑ 46,611 ወንዶችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ዳንካቫስ የተባለው ሙከራ፣ የካልሲየም ስካንን ጨምሮ ለልብና ደም ቧንቧ ምርመራ ከተጋበዙት ከመቶ 12.6፣ ካልተጋበዙት ደግሞ 13.1 ያህሉ ከአምስት ዓመት በላይ በፈጀው ክትትል እንደሞቱ ቢያሳይም፣ ልዩነቱ ከአጋጣሚ በእርግጠኝነት የሚለይ አልሆነም። በስኮትላንድ የደረት ሕመም ባላቸው 4,146 ሰዎች ላይ የተደረገው ስኮት ሃርት የተባለው ሙከራ በበኩሉ፣ በደም ሥር ማቅለሚያ ተሰጥቶ የቧንቧዎቹን ውስጥ የሚያሳይ ሲቲ ስካን የታከለላቸው ሰዎች በአምስት ዓመት ውስጥ በልብ ቧንቧ ሕመም የመሞት ወይም በድንገተኛ የልብ ሕመም የመጠቃት ድርሻቸው ከመቶ 3.9 ወደ 2.3 ዝቅ ማለቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳይቷል። በሁለቱ ወገኖች የተደረገው ቧንቧን የመክፈት ሕክምና ተቀራራቢ ሲሆን፣ ስካን የተነሡት ግን መከላከያ መድኃኒት በብዛት ስለጀመሩ፣ ጥቅሙ የመጣው ከምስሉ ይልቅ ምስሉ ካስከተለው ሕክምና እንደሆነ ይገመታል።

ከዚህ የሚወጣው ፍሬ ነገር ምርመራ በራሱ አያድንም፤ የሚያድነው ውሳኔን ሲለውጥ ነው የሚል ነው። የአሜሪካ የልብ ሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት መመሪያም ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነበር፤ የካልሲየም ምርመራን የመከረው ለሁሉም ሳይሆን፣ በዕድሜ፣ በደም ግፊት፣ በኮሌስትሮልና በመሳሰሉት ተሰልቶ በአሥር ዓመት ውስጥ በልብና ደም ቧንቧ ሕመም የመጠቃት አደጋው ከመቶ 7.5 እስከ 20 ለሚገመትና ስታቲን ይጀምር አይጀምር የሚለው ለሚያወላውል ሰው ነው። በዚያ መመሪያ መሠረት እንዲህ ላለው ሰው 100ና ከዚያ በላይ የሆነ ነጥብ መድኃኒቱን የሚያስጀምር ሲሆን፣ ዜሮ ደግሞ አጫሽ፣ የስኳር ሕመምተኛ ወይም በቤተሰቡ በወጣትነት የታየ የልብ ሕመም ያለበት ካልሆነ መድኃኒቱን ለማቆየት ያስችላል። አደጋው ቀድሞውኑ ከፍተኛ የሆነ ሰው ግን ስካኑን ሳይጠብቅ መታከም አለበት። ከፍ ያለ ነጥብ ወዲያው ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧን የሚከፍት ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ ያስፈልጋል ማለትም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመውና 5,179 የተረጋጋ የልብ ቧንቧ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ያካተተው ኢስኬሚያ የተባለው ሙከራ፣ ቧንቧን ለመክፈት መቸኮል በመድኃኒት ከመጀመር ይልቅ ሞትንም ሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመምን በጉልህ እንደማይቀንስ አሳይቷል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ የአንድን ሰው ነጥብ ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር የሚያነጻጽሩት የሜሳ ሰንጠረዦች የተሠሩት ከላይ ከተጠቀሱት አራት ወገኖች በመሆኑ፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ለመጣ ሰው የሚሰጡት ደረጃ ከግምት ሊያልፍ አይችልም። ስካኑ በማይገኝበት ወይም ዋጋው በማይቀመስበት ስፍራ ላለ ሰውም ዋናው በር አልተዘጋበትም፤ የደም ግፊትን መለካት፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን መመርመር፣ ሲጋራን መተው ከየትኛውም ምስል ይቀድማሉና።

ስለዚህ ስካኑን ለመነሣት ያሰበ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን «ውጤቱ ከፍ ቢል ምን እናደርጋለን? ዜሮ ቢሆንስ ምን እንተዋለን?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱ በሁለቱም አንድ ከሆነ ምርመራው አያስፈልገውም። ደረቱን የሚያጨንቀው፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚዛመትበት ወይም ድንገት ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን የሚሄደው ወደ ካልሲየም ምርመራ ሳይሆን፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።