የወንድሜ ላፕቶፕ ሲጨልም

ባለፈው ኅዳር አንድ ምሽት፣ መቀሌ ዓዲ ሓቂ ባለው ቤታችን፣ እኔና ልጄ ረከቦቱን ገፋ አድርገን አንዲት ትንሽ ላፕቶፕ መካከላችን አስቀምጠን እንደ ታማሚ ስንጠብቃት አመሸን። ስትበራ የአምራቿ ምልክት ብቅ ይላል፣ ማራገቢያዋ ይሰማል፣ ከዚያ ጭልም። አጥፍተን እናበራታለን፤ ያው ነው። ልጄ በመጨረሻ ክዳኗን ዘጋችና ምንም ሳትናገር ወደ መኝታዋ ሄደች።

ላፕቶፗ የታናሽ ወንድሜ ናት። በ2003 ዓ.ም. ከመምህርነት ደመወዙ አጠራቅሞ የገዛት ነች። በ2013 ዓ.ም. ከቤት ወጥተው ካልተመለሱት አንዱ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በነጠላ ተጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች፤ አልፎ አልፎ አውጥቼ አቧራዋን ከመጥረግ በቀር ነክቻት አላውቅም።

ልጄ ግን ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ኮሮናና ጦርነቱ ተደራርበው ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ስላራቋት ክፍሉ ላይ የደረሰችው ሃያ ዓመት ሞልቷት ነው። አገር አቀፉ ፈተና ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከወረቀቱ ሌላ በኮምፒውተርም ይሰጣል። «ማማ፣ ጥያቄውን ባውቀው እንኳ ማውሱን ስፈልግ ሰዓቱ ያልቅብኛል» አለችኝ። አዲስ ላፕቶፕ የምንገዛበት አቅም አልነበረንም። ነጠላውን ፈታሁ።

የነበረባት ዊንዶውስ 7 ነው። አምራቹ ድጋፉን ያቆመው በጥር 2012 ዓ.ም. ነው፤ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍም ቢሆን ዘንድሮ ጥቅምት 4 ቀን አብቅቷል። ከዕድሜዋ ጋር ተደምሮ የኛዋ ለመነሳት አቦል ተቀድቶ ቶና እስኪደርስ ትቆያለች። የጎረቤታችን ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ «ሊኑክስ እንጫንባት» አለ። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል ፊንላንዳዊ ተማሪ የጀመረው፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች የሚያሻሽሉት ነፃ ሥርዓት ነው። ቀለል ያሉት ዓይነቶቹ 2 ጊጋባይት ራም ባላት ማሽን ላይም ይሠራሉ። የወንድሜን ፎቶዎችና ጽሑፎች በሁለት ፍላሽ ገለበጥን (በአንዱ አላመንኩም)፤ ከዚያ የድሮው ሁሉ ተጠርጎ አዲሱ ተጫነ። ሲጫን ሁሉም ነገር ይታይ ነበር። ተጭኖ አልቆ እንደገና ስትነሳ ነው የጨለመችው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፎቶዎቹ እጄ ላይ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ግን እሱ የነካትን ማሽን በገዛ እጄ የገደልኳት መሰለኝ።

በማግስቱ ሮማናት አካባቢ ጠባብ ሱቅ ያለው አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድናት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ገና ምንም ሳይፈታ «ካፕስ ሎክ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነ። ትንሿ መብራት በራች፤ ደግሞ ሲጫን ጠፋች። «አደይ፣ አይፍሩ፣ በሕይወት አለች» አለኝ። ቀጥሎ የስልኩን ባትሪ መብራት ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ በሰያፍ አየ። ደብዘዝ ያለ ምስል ቢታይ ኖሮ ችግሩ የስክሪኑ የኋላ መብራት ይሆን ነበር። የሚታይ ነገር አልነበረም።

ከዚያ እንደገና አስነሳትና ሺፍትን ተጭኖ ያዘ። የጽሑፍ ዝርዝር መጣ። «ኢ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ሲጫን ረጅም ጽሑፍ ተከፈተ፤ «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረውን መስመር ፈልጎ መጨረሻው ላይ «ኖሞድሴት» የሚል አንድ ቃል ጨመረና ኤፍ 10ን ተጫነ። ቃሉ ሥርዓቱን «ግራፊክስ ቺፑን ለመቆጣጠር አትሞክር፣ በተራ መንገድ አሳይ» የሚል ትእዛዝ ነው። ሲጫን የታየንም ጎረቤታችን ፍላሹን ሲያስነሳ ተመሳሳዩን አማራጭ መርጦ ስለነበር ነው ለካ።

ስክሪኑ በራ! ልጄ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ፍላሹን ከቦርሳዋ አውጥታ መጀመሪያ የከፈተችው የወንድሜን ፎቶ ነው፤ ሃውልት ሰማዕታት ፊት ቆሞ የተነሳውን። ከዚያ ሳቀች። ወንድሜ ቀጭን ነበር፤ እናታችን «ንፋስ ይወስድሃል» የምትለው ዓይነት። እዚያ ስክሪን ላይ ግን ጉንጩ ተወጥሮ፣ ትከሻው ሰፍቶ፣ የማላውቀው ባለጠጋ መስሏል። ስክሪኑ የተሠራው ለ1024 በ600 ነጥብ ሲሆን፣ የሚታየው የ800 በ600 ምስል ወደ ጎን ተለጥጦ ነው።

«ይበቃናል» አልኩት። እሱ ግን አልተስማማም። «ይሄ ምርኩዝ ነው፤ ቪዲዮ ይጎተትባታል፣ የብርሃን መጠን አይስተካከልም» አለና ቃሉን አጥፍቶ እንደገና አስነሳት። ስክሪኗ መልሶ ጨለመ፤ የሱቁን ሞኒተር በኬብል ሲያገናኝ ግን ምስሉ እዚያ ላይ መጣ። የስክሪን ማስተካከያውን ከፈተና ዝርዝሩን በጣቱ ቆጠረ። ሁለት ስክሪን ብቻ ባለበት ሦስት ተጽፏል።

ሦስተኛው ቴሌቪዥን ነው። በእነዚያ ዓመታት በወጡ አንዳንድ ትንንሽ ላፕቶፖች ላይ ሊኑክስ ኤስ-ቪዲዮ በሚባለው የድሮ መስመር ቴሌቪዥን የተሰካ ይመስለዋል፤ መሰኪያው ጭራሽ ባይኖርም። ያቺ ምስኪን ያን ሁሉ ምሽት ምስሏን ስትልክ ነበር፣ ወደሌለ ቴሌቪዥን። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ትዝ አለችኝ። መስመር በተቋረጠባቸው ወራት ማታ ማታ የኔን ቁጥር ትደውል ነበር፤ እኔም እዚህ ሆኜ የሷን።

መድኃኒቱ አጭር ነው። በዚያው መስመር መጨረሻ የኤስ-ቪዲዮውን ስም ጽፎ ከጎኑ «ዲ» የምትል ፊደል አስከተለ፤ ዝጋው ማለት ነው። እዚያ የሚጻፍ ነገር ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያገለግል በማስነሻ ፋይሉ ውስጥም አስፍሮ አጸናው። እንደኔ ያለች ሴት ይህን ራሷ መሥራት ትችላለች ወይ ብትሉኝ፣ አሁን እችላለሁ፤ ልጄ ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች። ብቻ ከመጀመሩ በፊት ፋይሎቻችሁን ገልብጡ።

ሒሳብ ስንጠይቀው የኬብል ኪራይ የምታህል ጠራ። ልጄ ከመነሳታችን በፊት ፎቶውን ደግማ ከፈተችው። ቀጭን ነው። የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱ ላይ ሰፍቶ፣ ትከሻው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ፣ ልክ እንደነበረው።

«እንዲህ ነበር እንዴ ማማ?» አለችኝ።

«እንዲህ ነበር» አልኳት።