የሐምሌ እሸት በኢሉባቦር ጨፌ

በደሌን አልፎ ወደ መቱ የሚሄድ መንገደኛ ዓይኑን ከመስኮቱ መንቀል ይቸግረዋል። ያዩ ላይ ጫካው መንገዱን ከግራ ከቀኝ ይይዘዋል። ዋንዛው፣ ሰሳውና ብሳናው ጥላ ዘርግተው፣ ከሥራቸው ቡናው ማንም ሳይተክለው በቅሏል። ዩኔስኮ 167 ሺህ ሄክታር ያህል የሚሸፍነውን ይህን አገር እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ሁሩሙ ከተማ ሳልደርስ ልቤ ተይዞ ነበር።

የገባሁት በሐምሌ ነው፤ ሐምሌ ደግሞ እዚህ የችግር ወር ነው። ይህን ሲነግሩኝ ማመን አቃተኝ። ከመቱ በስተ ደቡብ ያለችው ጎሬ በዓመት 2 ሺህ ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ በዚህ ሁሉ ልምላሜ መካከል ጎተራ እንዴት ባዶ ይሆናል? መቱ ገበያ ውስጥ ያገኘኋቸው ገበሬዎች አስረዱኝ። የቡና ገንዘብ በኅዳርና በታኅሣሥ ይገባል፤ ለልብስ፣ ለልጆች ትምህርት፣ ለዕዳ ይወጣል። በጥቅምት የተሰበሰበው በቆሎ ሰኔ ሲብት ያልቃል። በዚያን ጊዜ ቡናው ዛፉ ላይ ገና ጥሬ ነው። ጎደሬ ያለው ጎደሬውን ይቆፍራል፤ የሌለው ይበደራል፣ የባሰበትም ዛፍ ላይ ያለውን ቡና አስቀድሞ በርካሽ ይሸጣል።

ቡናው ግን የዓለም ሀብት ነው። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ በኋላ፣ የጅማ ግብርና ምርምር ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1974 በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ፍለጋ ወጥተው መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ በምትባል መንደር አገኙ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ከዚያ የወጡ ናቸው። ዛሬ የውጭ አገር ቡና ቆዪዎች እነዚህን ቁጥሮች በኩራት ማሸጊያቸው ላይ ያትማሉ። የዝርያው እናት ዛፍ የበቀለበት አገር ገበሬ በሐምሌ የሚበላው ሲያጣ ማየት ያንገበግባል።

ክፍተቱን የሚሞላለት ከቤቱ በታች ያለው ረግረግ ነው፤ ጨፌ ይሉታል። ያፈቀርኩት እሱን ነው። ከተዳፋቱ ሁሉ የሚወርደው ውሃ ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። በጥር ገበሬዎች ተጠራርተው ማፋሰሻ ቦይ ይቆፍራሉ፤ አንድ ዋና፣ ከጎንና ከጎን ቀጫጭን። አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት በቆሎ ይዘራሉ፤ ዝናብ አይጠብቁም። ከዚያ ማማ ላይ ወጥተው ዝንጀሮና ከርከሮ ሲያባርሩ ይከርማሉ፤ ጫካ አጠገብ ለሚያርስ ሰው ሌሊቱም የሥራ ሰዓት ነው። በሐምሌ ሌላው ማሳ ገና አገዳ ሲሆን፣ ከጨፌው እሸት ይሸለቀቃል። ምርቱ ሲነሳ ቦዩ ይደፈናል፣ ውሃው ይመለሳል፣ ከተዳፋቱ የታጠበው ለም አፈር ይደላደላል፣ ቄጠማው እንደገና ይወጣል። ያው ቄጠማ የቤት ክዳን ነው፤ ቡና ሲፈላም ወለሉ ላይ የሚጎዘጎዘው እሱ ነው።

አንድ ሽማግሌ ማሳቸውን ሲያሳዩኝ፣ የሸለቆው ራስ ሳይታረስ መቅረቱ ገረመኝ።

«አባቴ፣ ያንን የላይኛውን ለምን ተዉት?»

«ልጄ፣ ምንጩ እዚያ ነው። ሚስቴ የምትቀዳው ከየት ነው? ውሃውን ሁሉ ካባረርከው ተመልሶ አይመጣም።»

ድሮ ይህን ሥርዓት የሚጠብቅ አባ ለጋ የሚባል ነበር፤ ቦይ የሚቆፈርበትንና ከብት የሚታገድበትን ቀን የሚያስማማ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ የሚዳኝ። ከበላይ ያለው ቦዩን ሳይጠርግ ቢቀር ከበታች ያለው ይጎዳልና ጨፌ ለብቻ አይታረስም።

ዛሬ ጫናው ከባድ ነው። መሬቱ ጠቧል፣ ቤተሰቡ በዝቷል፤ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዘመን ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ሰዎች ልጆችም እዚሁ ወልደው ከብደዋል። ከበቆሎው በኋላ ጤፍ የሚደግም አለ። ሽማግሌው አሻግረው የጠቆሙኝ ሸለቆ እንዲህ ያለው ነው፦ ቦዩ በጣም ጠልቋል፣ ከብት ገብቶ መሬቱን ረግጦታል፣ ቄጠማው ጠፍቶ በአጭር ሣር ተተክቷል፣ የዳር ምንጩ ደርቋል። የዚያ ሸለቆ ሴቶች ውሃ ፍለጋ ወደዚህኛው ይመጣሉ። ረግረግን «ያልለማ መሬት» ብሎ በሄክታር የሚቆጥር ባለሙያ ሁሉ ይህን መንገድ እንስራ ይዞ ቢሄደው እወዳለሁ። የጨፌ ምርት በኩንታል ይለካል፤ ምንጩንና ክዳኑን የሚመዘግብ ግን አላየሁም።

ቤት ስንገባ ባለቤታቸው እሸቱን ከፍም ላይ አንስተው ሰጡኝ፤ ከዚያም ቡናው መጣ። እሸቱ ለስንት ጊዜ እንደሚያቆያቸው ሽማግሌውን ስጠይቃቸው በጣታቸው የበቆሎውን መስመሮች ቆጠሩ።

«እነዚህ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ናቸው። ያኛዎቹ መስከረምን ያስገቡናል። ከዚያ የላይኛው በቆሎ ይደርሳል፤ ቡናውንም ሳንሸጥ እናቆየዋለን።»