ሁለት ዓመት ተምሬ ስንት ይቀረኛል?

ቶናው እስኪወርድ አንድ ነገር እንጫወት። እዚህ ቡታጅራ የልጆች ትምህርት በተነሣ ቁጥር የማይቀር ሒሳብ አለ፦ «ልጄ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ተምሯል፤ ዲግሪው አራት ዓመት ነው፤ እንግዲህ ሁለት ቀረው።» ሒሳቡ ልክ ነው፤ ሬጅስትራር ጋ ሲደርስ ግን አይሠራም።

በሉ ሁለት ዓመት አካውንቲንግ የተማረ አንድ ልጅ እንውሰድ። ተራራውን ተሻግሮ ጉብሬ፣ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ቢያመለክት ወይም አዲስ አበባ አንዱ የግል ኮሌጅ ቢገባ፣ ትራንስክሪፕቱ ኮርስ በኮርስ ይታያል። እንግሊዝኛው፣ ሎጂኩ፣ ሳይኮሎጂው ተያዘለት፣ እንደገና አይማረውም እንበል። ደስ ይላል! ግን እነዚህ ለብቻቸው የቆሙ ኮርሶች ናቸው። መነሣታቸው ሳምንቱን ያቀልለታል እንጂ ዓመቱን አያሳጥርለትም።

ዓመቱን የሚይዘው ሰንሰለቱ ነው። ፋንዳሜንታልስ 1 ሳይታለፍ 2 የለም፤ ከዚያ ኢንተርሚዲየት 1 እና 2፣ ቀጥሎ አድቫንስድ 1 እና 2። ስድስት ሴሚስተር፣ ማለትም ሦስት ዓመት። ያቺ የመጀመሪያዋ ፋንዳሜንታልስ ካልተያዘችለት፣ ሌላው ሁሉ ቢነሣለትም ሦስት ዓመት ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ ኮርሱ የሚሰጠው ባብዛኛው በዓመት አንዴ፣ ከባቹ ጋር ነው፤ አንዷ ካመለጠች እስከ ከርሞ ነው። እንሰት የሚያለማ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ተክሉ በየዕድሜው ከቦታ ቦታ እየተነቀለ እየተተከለ ነው የሚደርሰው፣ ተራውን ዘሎ ቆጮ የሆነ የለም።

በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ጨርሶ ሲኦሲ (የብቃት ምዘናውን) ያለፈ ልጅ ነገሩ ሌላ ነው። ሲኦሲው የመግቢያ በር ቢከፍትለት እንኳ፣ ክሬዲት ሆኖ ይቆጠርልኛል ብሎ አይተማመን። ደግሞ የቆየ ትራንስክሪፕት በኢሲቲኤስ (በሌላው የክሬዲት አቆጣጠር) ተጽፎ ከሆነ 5 ኢሲቲኤሱ ወደ 3 ክሬዲት አወር ገደማ ይወርዳል። ቁጥሩ አነሰ ብላችሁ ከመዝጋቢዋ ጋር አትጣሉ፣ መለኪያው ተለወጠ እንጂ እሷ አልቀነሰችውም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል፤ ማለፊያው 50 ነው። ከፕሮግራሙ የተነሣላችሁ ኮርስ ከፈተናው አይነሣላችሁም። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በሲ የታለፈችን ፋንዳሜንታልስ 2 አስይዞ በቀጥታ ኢንተርሚዲየት ክፍል ከመቀመጥ፣ ጊዜ ካለ እንደገና መማር ይሻላል። ጥቂት ክፍያ ነው፣ ኋላ ግን ብዙ ላብ ያስቀራል።

ስለዚህ ወላጆች፣ «ስንት ክሬዲት ተያዘልን?» የሚለውን ተዉት። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ልጁ ትራንስክሪፕቱንና የየኮርሱን አውትላይን ይዞ ዲፓርትመንቱ ድረስ ይሂድ፤ «ከየትኛው ባች፣ ከየትኛው ሴሚስተር ጋር ነው የምገባው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱንም በቃል ሳይሆን ማኅተም ባለበት ወረቀት ይቀበል።