የቆዳ ካንሰርን በብርሃን መፈለግ፦ ከክንድ ወደ ውስጥ እግር

በድኅረ ምረቃ ትምህርቴ መጀመሪያ ላይ ከቆዳ የሚመለስን ብርሃን መለካት ስማር፣ ይህን ሙያ የሚጀምር ተማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ በቅድሚያ የለካሁት የራሴን ክንድ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ነጭ ብርሃን በቀጭን የመስታወት ክር በኩል ወደ ቆዳው ይላካል፤ በቆዳው ውስጥ ተበታትኖ የሚመለሰው ደግሞ በሌላ ክር ተሰብስቦ በየሞገድ ርዝመቱ ተከፋፍሎ ይመዘገባል። በመማሪያ መጻሕፍት በሚገኘው ግራፍ ላይ፣ በ542 እና በ577 ናኖ ሜትር አካባቢ ሁለት ጎድጓዳ ስፍራዎች በግልጽ ይታያሉ፤ ኦክስጅን የተሸከመው የደማችን ሄሞግሎቢን ብርሃኑን የሚውጥባቸው ናቸው። ከእኔ ክንድ የተገኘው መስመር ግን ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ነበር፤ ሁለቱ ጎድጓዶች እንደ ጥላ ካልሆነ በቀር አይለዩም። በማስታወሻ ደብተሬ «የተበላሸ ልኬት» ብዬ ጻፍሁና ከውጤቱ አስወጣሁት።

አማካሪዬ ደብተሩን ሲመለከቱ «ይህ የማን ክንድ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ የተበላሸው ምኑ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። መሣሪያው የመዘገበው እውነቱን ነበር። በላይኛው የቆዳ ሽፋን ያለው ሜላኒን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን አብዝቶ ስለሚውጥ፣ ደም ወዳለበት ጥልቀት ደርሶ የሚመለሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን የገዛ ቆዳዬን እንደ ስሕተት ቆጥሬ ጥዬው ነበር።

ብርሃን ለቆዳ ካንሰር ምርመራ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። እስከ ዛሬ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ከሕመምተኛው የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው፤ ይህም ቢላዋ፣ የሠለጠነ ፓቶሎጂስትና ጊዜ ይጠይቃል። ብርሃን ይህን ፍርድ አይተካም፤ ማን ናሙና መስጠት እንዳለበት ግን ሳይቆርጥና ሳያደማ ሊጠቁም ይችላል። ጊዜው ደግሞ ሕይወት ነው። አሌክሳንደር ብሬስሎ እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳሳየው፣ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር አደገኝነቱ በእጅጉ የሚወሰነው ወደ ውስጥ በዘለቀበት ጥልቀት ነው፤ መለኪያውም ሚሊ ሜትርና የሚሊ ሜትር ክፋይ ነው።

መሣሪያዎቹ እንደየጥልቀታቸውና እንደየጥያቄያቸው ይለያያሉ። ቀላሉ ደርሞስኮፕ ነው፤ ምስሉን ዐሥር ጊዜ ያህል የሚያጎላ፣ ከቆዳው ላይ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን አስወግዶ ከሥር ያለውን ቀለም የሚያሳይ የእጅ መሣሪያ ነው። ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ሕዋሳትን አንድ በአንድ ያሳያል፤ ነገር ግን ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ከሚደርስ ጥልቀት አያልፍም። ኦፕቲካል ኮኸረንስ ቶሞግራፊ በዝርዝር ረገድ ያንሳል፤ እስከ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ግን ይዘልቃል። ራማን ስፔክትሮስኮፒ እ.ኤ.አ. በ1928 በተገኘ ክሥተት ላይ የቆመ ሲሆን፣ ከዐሥር ሚሊዮን ፎቶኖች አንዱ ያህል ብቻ የሚያመጣውን የኀይል ለውጥ አንብቦ ስለ ሞለኪውሎቹ ይነግረናል።

እነዚህ ሁሉ ከሜላኒን ጋር ጉዳይ አላቸው። ሜላኒን ብርሃን የመዋጥ ኀይሉ የሞገድ ርዝመቱ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል፤ ስለዚህም ተመራማሪዎች ወደ ቀዩና ወደ ታሕተ ቀይ ብርሃን፣ ለምሳሌ ወደ 785 ናኖ ሜትር ሌዘር፣ ይሸሻሉ። ሽሽቱ ግን ችግሩን ሁሉ አይፈታም። መሣሪያው የተፈተነባቸው ሰዎች ቆዳ ነጭ ብቻ ከሆነ፣ በሌላው ላይ የሚሰጠው ውጤት ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ በልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም የተነሡ 656 ምስሎችን ሰብስቦ የታወቁ የኮምፒውተር መርማሪዎችን ሲፈትን፣ በጥቁር ቆዳ ላይ ብቃታቸው ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ደርማሴንሰር ለተባለው በተበተነ ብርሃን ለሚሠራ መሣሪያ ፈቃድ ሲሰጥም፣ በጥናቱ በበቂ ያልተወከሉ ሰዎችን ያካተተ ተጨማሪ ፍተሻ ከሽያጭ በኋላ እንዲደረግ አዝዟል።

እኔም የጥናቴን ርእስ ከዚህ አነሣሁ፤ በጥቁር ክንድ ላይ የሜላኒንን ተጽዕኖ በስሌት ማስወገድ። ሐሳቡ ትክክል መስሎኝ ሳለ ነው የአባቴ ታላቅ እኅት ከገጠር መጥተው እኛ ቤት ያረፉት።

አንድ ማታ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። በቆዳ ላይ የሚወጣ ክፉ ምልክት በብርሃን እንደምፈልግ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ጫማቸውን አውልቀው «እስቲ ልጄ፣ ይህችንም አብራት» አሉኝ። በስልኬ መብራት አየሁት፤ ተረከዛቸው ላይ ዳሩ የተዛነፈ፣ መሐሉ የቆሰለ ጥቁር ምልክት ነበር። እናቴ «እትዬ፣ ማርያም የሳመችዎት እንዳይሆን?» አለቻቸው። «በልጅነቴ አልነበረም፤ እሾህ ወግቶኝ ነው ብዬ ሦስት ዓመት ያዝሁት» አሉ። ቁስሉ በጤና ተቋም ሁለት ጊዜ ታጥቦ ታሽጎላቸው ነበር። እሾህና ድንጋይ በሚወጉት እግር ላይ ያለ ቁስል ማንን ያጠራጥራል? ናሙናው ሲመረመር ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ። በሽታው ያን ጊዜ ብሽሽታቸው ውስጥ ካለው ንፍፊት ደርሶ ነበር። በዓመቱ ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ የለካሁትን ሁሉ እንደገና አሰብሁት። በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው በክንድ ወይም በጀርባ ላይ ሳይሆን በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው፤ መንሥኤውም በአብዛኛው ፀሐይ አይደለም። ቦብ ማርሌይ በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ የሞተው በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነበር። መዳፍና ውስጥ እግር ደግሞ በሁላችንም ዘንድ ሜላኒን የሚያንስባቸው ስፍራዎች ናቸው፤ ከሥር ያሉት ሕዋሳት የሜላኒንን ምርት የሚገታ ፕሮቲን ያመነጫሉና። እኔ በክንድ ላይ ያለውን ሜላኒን በስሌት ለማሸነፍ ስታገል፣ በሽታው የሚገኘው ብርሃን በቀላሉ በሚገባበት ቆዳ ላይ ነበር። ስሌቱ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ የታመመውን ስፍራ ሳልጠይቅ ጀመርሁት እንጂ።

ውስጥ እግር ግን የራሱ ችግር አለው። ደረቁ የላይኛው ሽፋን ከአንድ ሚሊ ሜትር ሊበልጥ ስለሚችል፣ ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ሕያው ሕዋሳት ዘንድ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ደርሞስኮፕ በአንጻሩ እዚህ ታላቅ አገልግሎት አለው። የውስጥ እግር ቆዳ እንደ ታረሰ ማሳ ትልምና ሸንተረር አለው። የጃፓን የቆዳ ሐኪሞች በተደጋጋሚ እንዳሳዩት፣ ቀለሙ በትልሙ ውስጥ ሲሰለፍ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው፤ በሸንተረሩ ላይ ሲሰለፍ ግን ሜላኖማን ያስጠረጥራል። ይህን ለማየት ውድ ሌዘር አያስፈልግም፤ በስልክ ላይ የሚገጠም ጎሊ መስታወትና የሠለጠነ ዐይን ይበቃል።

የእኛ አገር እግር ደግሞ በውጭ የተሠሩ መሣሪያዎች ያልተዘጋጁለት ነገር አለው። የተሰነጠቀ ተረከዝ ብርሃኑን ይበትናል፤ በስንጥቁ የሰረጸ ቀይ አፈር ብርሃን ይውጣል፤ ለሠርግ የታሰረ እንሶስላ ቆዳውንና ጥፍሩን ያቀላል። እነዚህ በልኬት ላይ ምን እንደሚያደርሱ ማጥናት ከሌላ አገር ተመራማሪ የሚጠበቅ ሥራ አይደለም፤ ለእኛ የቀረበና ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚመጥን ጥያቄ ነው። በሌላ በኩል ፀሐይ የምታመጣው የቆዳ ካንሰር አልቢኒዝም ያለባቸውን ወገኖቻችንን ክፉኛ ያጠቃልና፣ የእነርሱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል።

የእኔ መሣሪያ አክስቴን ያድናቸው ነበር ብዬ አልጽፍም። በመጀመሪያው ዓመት ጫማቸውን አስወልቆ በመብራት ያየና የተጠራጠረ ሰው ቢገኝ ግን ሌላ ዕድል በኖራቸው ነበር። ስለዚህ የጥናቴን ዕቅድ ስለውጥ፣ ከሞገድ ርዝመቱና ከብርሃኑ መጠን አስቀድሜ የጻፍሁት የመጀመሪያ ተራ ይህ ነው፦ «የሁለቱም እግር ጫማና ካልሲ ይውለቅ፤ ውስጥ እግር፣ በጣቶች መካከልና ጥፍሮች ይታዩ።» በአሮጌው ደብተሬም «የተበላሸ ልኬት» የሚለውን ሰርዤ «ጥቁር ክንድ፤ ትክክለኛ ልኬት» ብዬ ጽፌበታለሁ።