«ተቀምጧል» የሚለው ቃል



የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ ከእናንተ የሚደርሰን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሰርቨሩ ሴቭ ስንል ለምን ይህን ያህል ይዘገያል?» በዲፓርትመንታችን የስቶሬጁን ሥራ የምናግዝ ተማሪዎች ስለሆንን መልሱን እዚህ ማስፈር ፈለግን።

ፋይላችሁ የሚያርፈው ሬይድ 5 በሚባለው አሠራር በተቀናጁ ዲስኮች ላይ ነው። ከእነሱ አንዱ ቢበላሽ መረጃው አይጠፋም። ይህ ጥቅም ግን ዋጋ አለው። አንድ ትንሽ ለውጥ ለመጻፍ ነባሩን መረጃና ፓሪቲ የሚባለውን የመጠባበቂያ ስሌት ማንበብ፣ ከዚያም ሁለቱንም እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል፤ በድምሩ 4 የዲስክ ሥራ። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ ደግሞ ለአንድ ዙር ብቻ 8 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሴቭ ሲል ወረፋው ይረዝማል።

ለዚህ የተበጀው መላ ካሽ ነው፤ ከዲስኮቹ ፊት የሚቀመጥ ፈጣን ሚሞሪ። ራይት ባክ በሚባለው አሠራር ጽሑፋችሁ ካሹ ላይ እንደደረሰ «ተቀምጧል» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ወደ ዲስክ የሚገለበጠው ቆይቶ ነው። በራይት ስሩ ግን ዲስኩ ላይ ሳያርፍ መልስ የለም። የመጀመሪያው ይፈጥናል፤ ሆኖም ካሹን የሚያቆይ ባትሪ ከሌለ፣ መብራት ሲጠፋ ገና ያልተገለበጠው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

የእኛ ኮንትሮለር ባትሪ አርጅቷል። ኮንትሮለሩም ይህን አውቆ በራሱ ወደ ራይት ስሩ ተመልሷል፤ መዘግየቱ የመጣው ከዚህ ነው። «ባትሪ ባይኖርም ራይት ባክ ይሁን» የሚል ምርጫ ሴቲንጉ ውስጥ አለ፤ አንድ ክሊክ ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን እንድናደርግ ጠይቃችሁናል፤ እኛም እርስ በርሳችን ተከራክረንበታል። «ዩፒኤስ አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ ምን ያስፈራል?» ያለም ነበር። ነገር ግን የዩፒኤስ ባትሪም ያልቃል፤ የሰርቨሩ ፓወር ሰፕላይም ሊቃጠል ይችላል። የሰው የዓመት ልፋት ደግሞ እጃችን ላይ ያለ አማና ነው። ዲስክ ላይ ያላረፈን ጽሑፍ «ተቀምጧል» የሚል ማሽን እንዲያገለግላችሁ አልፈለግንም። ስለዚህ ምርጫውን አልነካነውም።

ባትሪው እስኪቀየር የቻልነውን አድርገናል። ካሹን ለንባብ ብቻ አዋልነው። አስቀድሞ ማንበብ የሚባለውን ሴቲንግ የትምህርት ቪዲዮዎች ባሉበት ክፍል ከፈትነው፤ ቪዲዮ በተርታ ስለሚነበብ ይጠቅመዋል። ዳታቤዙ ባለበት ዘጋነው፤ እዚያ ንባቡ ከዚህም ከዚያም ስለሆነ ቀድሞ የመጣው ብዙውን ጊዜ ሳይፈለግ ይቀራል። በየዲስኩ ውስጥ ያለውን ትንሽ የጽሕፈት ካሽም ዘግተናል፤ የኮንትሮለሩ ባትሪ ቢታደስ እንኳ እሱን አይጠብቀውም። ባክአፑንም ከምሽት ወደ ሌሊት አዛወርነው። አሁን ፋይል መክፈት ቀሏል፤ ሴቭ ማድረግ ግን ገና ትዕግሥት ይፈልጋል።

ከእናንተ የምንጠብቀው ሦስት ነገር ነው። ሴቭ ብላችሁ ሲዘገይ ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ ወረፋውን ያረዝመዋል። ትልልቅ ፋይሎችን ሰው በሚበዛበት ምሽት ሳይሆን ጠዋት ጫኑ። አንድ ቅጂ በፍላሽ ያዙ፤ ሬይድ ከዲስክ ብልሽት እንጂ በስሕተት ከተሰረዘ ፋይል አያድንም።

አዲሱ ባትሪ ሲገባ ራይት ባክ ይከፈታል፣ ኢንሻ አላህ። እስከዚያው ድረስ «ተቀምጧል» የሚለው መልስ ዘግይቶ ቢመጣም ሲመጣ እውነት ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም!